በደንብ የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ፦ ይሻሻል፣ ይቀየር ወይስ ባለበት ይቆይ?

ስምንት ወይም ዘጠኝ ዓመት ያገለገለ፣ ነገር ግን ዛሬም ያለ ማንገራገር የሚነሣ፣ ኪቦርዱም ስክሪኑም ጤነኛ የሆነ ላፕቶፕ ያለው ሰው ሦስት ምርጫ አለው። እንዳለ መጠቀሙን ሊቀጥል፣ አንድ ሁለት ክፍሉን አስቀይሮ ሊያሻሽለው፣ ወይም ሸጦና በላዩ ላይ ጨምሮ ሌላ ሊገዛ ይችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ በብር ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ፣ ሦስተኛው ምርጫ ቀድሞ እንደነበረው ቀላል አይደለም። በሌላ በኩል ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ስላቆመ፣ «እየሠራ ነው» ብሎ ዝም ማለትም ነፃ አይደለም። ከዚህ በታች የተዘረዘረው አካሄድ የላፕቶፑን ዕድሜ ወደ ጎን ትቶ፣ ሥራ የሚያጓትተው ክፍል የትኛው እንደሆነና እሱን መቀየር ምን ያህል እንደሚያዋጣ በመለካት ላይ ያተኩራል።

ማብራሪያው በአየር ላይ እንዳይቀር በአብዛኛው አንድ ማሽን በምሳሌነት ይዘን እንሄዳለን። ይኸውም ከውጭ ቢሮዎች ወጥተው በእኛ ገበያ «ስላይትሊ ዩዝድ» እየተባሉ ከሚሸጡት መካከል የሆነው ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ3 ነው፤ ባለ ኮር አይ 5-6300ዩ ፕሮሰሰር፣ 8 ጊጋባይት ራምና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ ያለው፣ አንድ የሒሳብ ባለሙያ በየቀኑ የሚሠራበት ላፕቶፕ እንበል።

አንደኛ፦ ሥራ የሚያጓትተውን ክፍል መለየት

«ላፕቶፔ ቀርፋፋ ሆነ» የሚለው ቅሬታ ብቻውን ብዙ አይነግርም። ራም ያነሰው ማሽንም፣ ዲስኩ የደከመው ማሽንም፣ በአቧራ የታፈነው ማሽንም ለተጠቃሚው አንድ ዓይነት ሆነው ይታያሉ፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት መለካት ይቀድማል፤ ለዚህም አዲስ ፕሮግራም መጫን አያስፈልግም።

ላፕቶፑን ሪስታርት ያድርጉና በተለመደ የሥራ ቀን በአንድነት የሚከፍቷቸውን ነገሮች በሙሉ ይክፈቱ፦ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ ፕሮግራም፣ ሁለት ሦስት የኤክሴል ፋይሎችን፣ ክሮምን ከነታቦቹ፣ ቴሌግራምን። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የሚባሉትን ቁልፎች በአንድ ላይ ይጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ በሚለው ገጽ ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ሜሞሪ (ራሙ) እና ዲስክ የሚሉ መስመሮች አሉ። ለአሥር ደቂቃ ያህል እንደ ልማድዎ እየሠሩ የትኛው ጣሪያ እንደሚነካ ይከታተሉ።

ከላይ በጠቀስነው ዓይነት ማሽን ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው የሚከተለው ነው። ዊንዶውስ ከተነሣ በኋላ ለበርካታ ደቂቃዎች የዲስኩ መስመር 100 በመቶ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ ፕሮሰሰሩ ግን ከ20 በመቶ እምብዛም አያልፍም። ዝቅ ብሎ የተጻፈው የዲስኩ ንባብ ፍጥነት ደግሞ በሴኮንድ 2 ወይም 3 ሜጋባይት ብቻ ሆኖ ይገኛል። ሙሉ በሙሉ ተጠምዶ ይህን ያህል ብቻ ማድረሱ ግራ ሊያጋባ ይችላል፤ ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው። በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ በሴኮንድ 100 ሜጋባይት አካባቢ ሊደርስ ይችላል፤ ዊንዶውስ ሲነሣ የሚፈልጋቸው በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ግን በየቦታው የተበተኑ ስለሆኑ፣ የዲስኩ ማንበቢያ ክንድ ጊዜውን የሚያጠፋው በማንበብ ላይ ሳይሆን ከቦታ ወደ ቦታ በመዝለል ነው። እንዲህ ያለ ውጤት ካዩ ፍርዱ ተሰጥቷል፤ ችግሩ ዲስኩ ነው፣ ፕሮሰሰሩ አይደለም፣ ላፕቶፑም «አላረጀም»።

ሜሞሪ የሚለውን ሲመለከቱ ከመቶኛው ይልቅ «ኮሚትድ» በሚለው ቃል ሥር ያለውን ቁጥር ያንብቡ። 8 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ ይህ ቁጥር በሥራ መካከል 11 ወይም 12 ጊጋባይት ደርሶ የሚቆይ ከሆነ፣ ፕሮግራሞቹ የጠየቁት ከራሙ አቅም በላይ ስለሆነ ትርፉ በዲስኩ ላይ እየተጻፈ ሊሆን ይችላል። ራም መጨመር በዚህ ጊዜ ትርጉም አለው። ቁጥሩ 6 ጊጋባይት አካባቢ ከሆነ ግን 16 ወይም 32 ጊጋባይት መግዛት ምንም አይለውጥም፤ ሻጩ የፈለገውን ቢል።

ፕሮሰሰሩ በተራ ሥራ ላይ 100 በመቶ የሚነካ ከሆነ አይቸኩሉ። ከመቶኛው አጠገብ የሚታየውን ፍጥነት ይመልከቱ። የ6300ዩ መነሻ ፍጥነት 2.4 ጊጋኸርትዝ ነው፤ በሥራ ላይ እያለ ከ1 ጊጋኸርትዝ በታች ወርዶ ከቆየ ጉዳዩ የሙቀት ወይም የኃይል ነው። በአቧራ የተደፈነ ፋንና የደረቀ የሙቀት ማስተላለፊያ ቅባት በእኛ አገር የተለመዱ ናቸው፤ ሁለቱም በትንሽ ወጪ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይስተካከላሉ። በዴል ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ማሽኑ ማንነቱን ያላወቀው ቻርጀር ሲሰካ ፕሮሰሰሩ ሆን ብሎ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ስለዚህ «ላፕቶፑ ሞተ» ተብሎ የመጣ ዴል ትክክለኛ ቻርጀር ሲሰካለት ሊነቃ ይችላል። እነዚህ ሁሉ ተጣርተው ፕሮሰሰሩ አሁንም ጣሪያውን የሚነካ ከሆነ ብቻ ነው እውነተኛ የፕሮሰሰር እጥረት አለ የሚባለው፤ በነዚህ ቀጫጭን ላፕቶፖች ላይ ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ ጋር ስለተበየደ መፍትሔው ሌላ ማሽን ነው።

ከሦስቱ አንዱም ጣሪያ ካልነካና ቅሬታው ድረ ገጽ ሲከፈት ብቻ ከሆነ፣ የዘገየው ኢንተርኔቱ ነው። መመሪያው ለእርስዎ እዚህ ላይ ያበቃል፤ ላፕቶፑ ባለበት ይቆይ።

ሁለተኛ፦ ማሽኑ ምን እንደሚፈቅድ ማወቅ

ሁሉም ላፕቶፕ አይሻሻልም። የፕሮሰሰሩን ሙሉ ስም ከሴቲንግስ ውስጥ «አባውት» ከሚለው ገጽ ያንብቡ። በኢንቴል ማሽኖች ላይ ከሰረዙ በኋላ ያለው ቁጥር መጀመሪያ ጄኔሬሽኑን (የፕሮሰሰሩን ትውልድ) ይነግራል፤ 6300ዩ ስድስተኛ፣ 7200ዩ ሰባተኛ፣ 8250ዩ ስምንተኛ ጄኔሬሽን ነው። ቁጥሩ በ10 ወይም በ11 ሲጀምር ደግሞ አሥረኛና አሥራ አንደኛ ማለት ነው። በሰባተኛውና በስምንተኛው መካከል ያለው ድንበር ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው 8250ዩ አራት ኮር (ሥራውን የሚካፈሉ የፕሮሰሰር ክፍሎች) ይዞ ሲመጣ ከእሱ በፊት የነበረው 7200ዩ ግን ሁለት ብቻ ነበረው፤ ስማቸው ሁለቱም «ኮር አይ 5» ስለሆነ ገዢው ልዩነቱን ሳያስተውል ይቀራል። የዊንዶውስ 11 መስፈርትም የተሰመረው እዚሁ ድንበር ላይ ነው፤ ወደዚያ እንመለሳለን።

ቀጥሎ ራሙ የሚነቀል መሆን አለመሆኑን ያረጋግጡ። በኤሊትቡክ 840 ጂ3 ሁለት የራም መሰኪያ አለ፤ በሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480ም እንዲሁ። ቲ480ኤስ የተባለው ቀጠን ያለው ወንድሙ ግን ከፊሉን ራም በቦርዱ ላይ በይዶ አንድ መሰኪያ ብቻ ትቷል፤ የቲንክፓድ ኤክስ1 ካርቦንና የማክቡክ ኤር ባለቤቶች ደግሞ ሲገዙ ካገኙት ራም በላይ ምንም መጨመር አይችሉም። የአንድ ፊደል ልዩነት ይህን ያህል ዋጋ ስላላት፣ ከላፕቶፑ ሥር የተለጠፈውን ሙሉ የሞዴል ስም በፎቶ አንሥተው ይያዙ፤ ዕቃ ሲገዙም ፎቶውን ለሻጩ ያሳዩ።

የራሙ ዓይነትም መታወቅ አለበት። አራተኛና አምስተኛ ጄኔሬሽን ማሽኖች በአብዛኛው ዲዲአር3ኤል፣ ከስድስተኛ እስከ አሥረኛ ያሉት የቢሮ ላፕቶፖች በአብዛኛው ዲዲአር4 ይጠቀማሉ፤ የመቆራረጫ ቦታቸው ስለሚለያይ አንዱ በሌላው መሰኪያ አይገባም። ይህ ለውሳኔው ትልቅ ትርጉም አለው። ዲዲአር4 ራም ነገ ሌላ ላፕቶፕ ቢገዙ ተነቅሎ አብሮዎት ይሄዳል፤ ለ840 ጂ3 የተገዛው በቲ480 ላይ ይሠራል። ዲዲአር3ኤል ላይ የሚወጣ ገንዘብ ግን እዚያው ከማሽኑ ጋር ይቀራል።

ሦስተኛ፦ የዊንዶውስን ጉዳይ መቁረጥ

ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚቀበለው ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ክፍልና፣ ሴኪዩር ቡት የተባለውን የአነሣስ ጥበቃ የሚችል ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሣው የማሽኑ መሠረታዊ ሶፍትዌር) ያላቸውን፣ በኢንቴል በኩል ደግሞ በጥቅሉ ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ የሆኑትን ማሽኖች ነው። ማይክሮሶፍት በነፃ የሚሰጠው ፒሲ ኸልዝ ቼክ የተባለ ፕሮግራም የእርስዎ ማሽን ያልፍ እንደሆነ በአንድ ጠቅታ ይናገራል። «ቲፒኤም የለም» የሚል መልስ ካገኙ ተስፋ ከመቁረጥዎ በፊት ባዮስ ውስጥ ገብተው ይመልከቱ፤ ክፍሉ ኖሮ ተዘግቶ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ላፕቶፑ የሚያልፍ ከሆነ ጉዳዩ ተዘጋ፤ ወደ 11 ያሳድጉትና ወደ አራተኛው ክፍል ይለፉ።

የማያልፍ ከሆነ፣ የ840 ጂ3 ባለቤት እንደሚገጥመው ማለት ነው፣ አራት መንገድ አለ። የመጀመሪያው ማይክሮሶፍት ለግል ተጠቃሚዎች ያዘጋጀው የተራዘመ የደኅንነት ማሻሻያ ሲሆን፣ ዊንዶውስ 10ን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 2026) ድረስ ይሸፍናል። ለመመዝገብ የማይክሮሶፍት አካውንት ያስፈልጋል፤ የላፕቶፑን ሴቲንግ ወደ አካውንቱ ባክአፕ ለሚያደርግ ሰው ያለ ክፍያ ይሰጣል፣ ካልሆነ 30 ዶላር ወይም 1,000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ ይጠይቃል። ይህ ውሳኔውን በብልሃት የሚያራዝም እንጂ የሚፈታ መንገድ አይደለም። ሁለተኛው ዝም ብሎ መቀጠል ነው፤ ከኢንተርኔት ጋር ፈጽሞ ለማይገናኝና ለአንድ ሥራ ብቻ ለተመደበ ማሽን ልንቀበለው እንችላለን፣ የባንክ ሒሳብዎን ለሚከፍቱበት ላፕቶፕ ግን አይመከርም። ሦስተኛው መስፈርቱን በሚያስዘልሉ ዘዴዎች ዊንዶውስ 11ን በግድ መጫን ነው። በየጥገና ቤቱ በሰፊው ይሠራል፣ በአብዛኛውም ይነሣል፤ ማይክሮሶፍት ግን ለእንዲህ ዓይነት ማሽኖች ማሻሻያ ስለ መድረሱ ዋስትና አይሰጥም። ስለዚህ ለመማሪያ ወይም ለቤት ላፕቶፕ ይሁን እንበል፤ የድርጅት ሒሳብ የሚያዝበትን ማሽን በዚህ ላይ መጣል ድፍረት ነው።

አራተኛው ሊኑክስ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ነገሩ ብዙ ጊዜ ወይ ከመጠን በላይ ይወደሳል ወይ ጨርሶ ይናቃል። ሊኑክስ ሚንት 22 እስከ እ.ኤ.አ. 2029 ድረስ ድጋፍ አለው፤ በስድስተኛ ጄኔሬሽን ማሽን ላይ ቀልጣፋ ነው፤ ኢንተርኔት፣ ቴሌግራም፣ የዙም ስብሰባና የሊብሬ ኦፊስ ሰነድ ለሚበቃው ሰው ምንም አይጎድልበትም። አማርኛ መጻፍም ችግር የለውም፤ ኪይማን የተባለው የመጻፊያ ፕሮግራም በሊኑክስም ይሠራል። ነገር ግን ፓወር ግዕዝና ፒችትሪ የተሠሩት ለዊንዶውስ ስለሆነ በሊኑክስ ላይ በቀጥታ አይጫኑም፤ ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ወይም አውቶካድ የተባለውን የንድፍ መሥሪያ በተመለከተም ሥራዎ በነሱ ላይ የተመሠረተ ከሆነ መተካት ከባድ ነው። በምሳሌነት የያዝነው የሒሳብ ባለሙያ ስለዚህ ሊኑክስን መምረጥ አይችልም፤ በዚያው ላፕቶፕ የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፍ ልጁ ግን ይችላል። ሳይጭኑ ከፍላሽ ላይ አስነሥቶ መሞከር ስለሚቻል፣ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ካሜራው መሥራታቸውን በዚያ መንገድ ካረጋገጡ በኋላ ይወስኑ።

አራተኛ፦ የትኛው ክፍል ቀድሞ ይቀየር?

የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ላለው ማንኛውም ላፕቶፕ የመጀመሪያው ግዢ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዲስክ) ነው፤ ይህ በሁሉም ላይ ይሠራል። ሳታ በሚባለው የተለመደ የዲስክ መሰኪያ የሚሠራ ኤስኤስዲ በሴኮንድ እስከ 550 ሜጋባይት ያነባል፤ ከዚህም በላይ ክንድ የሚያዘልል ነገር ስለሌለው ትንንሾቹን ፋይሎች በመቶ እጥፍ ፍጥነት ያደርሳል። በሳታና ኤንቪኤምኢ በሚባለው ፈጣኑ ዓይነት መካከል ያለውን ልዩነት በቢሮ ሥራ ላይ በዓይን ማየት ያዳግታል፤ ስለዚህ ማሽኑ ሁለቱንም ቢቀበል እንኳ ርካሹን መምረጥ አያስቆጭም። መጠንቀቅ ያለብዎት መሰኪያው ላይ ነው፤ ኤም.2 የሚባለው ቀጭን ቅርጽ ሁለቱንም ዓይነት ስለሚይዝ፣ ሳታ ብቻ በሚቀበል መሰኪያ ላይ የገባ ኤንቪኤምኢ አይታይም።

በገበያ ላይ 2 ቴራባይት ተብሎ በማይታመን ዋጋ የሚሸጥ ኤስኤስዲ ካጋጠመዎ አቅሙ የተጭበረበረ ነው ብለው ይነሡ። ያገለገለ ኤስኤስዲ ሲገዙ ደግሞ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በተባለው ነፃ ፕሮግራም የጤናውን መቶኛና የሠራበትን ሰዓት ሻጩ ፊት ይመልከቱ። ሻጩ ይህን ካልፈቀደ መልሱን ሰጥቶዎታል።

ራም ሁለተኛ ነው፤ እሱም ከላይ ያየነው «ኮሚትድ» የሚለው ቁጥር ከጠየቀ ብቻ። ከ4 ወደ 8 ጊጋባይት መውጣት በሁሉም ሰው ላይ ይታወቃል፣ ከ8 ወደ 16 መውጣት በብዙዎች ላይ ይታወቃል፣ ከ16 በላይ ግን ቪዲዮ ለሚያቀናብርና ቨርቹዋል ማሽን ለሚያስነሣ ሰው ካልሆነ በስተቀር ገንዘብ ማባከን ነው። በተቻለ መጠን ሁለቱን መሰኪያ በእኩል መጠን ይሙሉ፤ ሁለት ባለ 8 ጊጋባይት ከአንድ ባለ 16 ይሻላል፣ ምክንያቱም ፕሮሰሰሩ በሁለት መስመር በአንድ ጊዜ ያነባል። እ.ኤ.አ. ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ገበያ የሜሞሪ ዋጋ ክፉኛ ስለናረ፣ አዲስ ከመግዛት በፊት ቦርዳቸው ከተቃጠለ ላፕቶፖች የወጣ ራም በየጥገና ቤቱ ይጠይቁ። ራም እምብዛም የማያረጅ ዕቃ ስለሆነ ያገለገለውን መግዛት ከኤስኤስዲም ከባትሪም ያነሰ ሥጋት አለው።

ባትሪን ብዙ ሰው በመጨረሻ ያስባል። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ግን ባትሪ ማለት ሥራን ከመጥፋት የሚያድን ዕቃ ነው፤ የሞተ ባትሪ የያዘ ላፕቶፕ መብራት በሄደ ቁጥር ሳይታሰብ ስለሚጠፋ፣ ተከፍቶ የነበረ የፒችትሪ ዳታ ሊበላሽ ይችላል። ዊንዶውስ የሚያወጣው የባትሪ ሪፖርት ፋብሪካው የሰጠውን አቅምና አሁን የሚሞላውን አቅም ጎን ለጎን ያሳያል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ግማሽ በታች ከወረደ መቀየር ይገባል። ትራክፓዱ ከፍ ከፍ ካለ ወይም የሥር ክዳኑ አልገጥም ካለ ደግሞ ባትሪው አብጧል ማለት ነው፤ ይህ የውሳኔ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ ዛሬውኑ ላፕቶፑን አጥፍቶ ለባለሙያ የሚሰጥበት ሁኔታ ነው። ባትሪ ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ የሚያስልኩ ከሆነ በሻንጣ ሳይሆን በእጅ ቦርሳ መያዝ እንዳለበት ይንገሩት። ለመንገደኛ በመደበኛነት የሚፈቀደው እስከ 100 ዋት-ሰዓት ሲሆን የቲ480 ትልቁ ባትሪ እንኳ 72 ስለሆነ በዚህ በኩል ችግር የለም።

ስክሪንን በተሻለ ስክሪን መቀየር፣ የውጭ ግራፊክስ ካርድ መግጠም፣ ከሌላ ማሽን ቦርድ አምጥቶ መተካት የመሳሰሉት ለሚወዱት ሰዎች ጥሩ ጊዜ ማሳለፊያ ናቸው፤ በዚህ መመሪያ ስሌት ግን አያዋጡም።

ምንም የማያስከፍሉ ማሻሻያዎችም እንዳሉ አይርሱ። እ.ኤ.አ. ከ2017 እስከ 2019 በተሠሩ በርካታ ቲንክፓዶች፣ ቲ480ን ጨምሮ፣ የዩኤስቢ-ሲ መሰኪያውን የሚቆጣጠረው የተንደርቦልት ክፍል የቆየ ሶፍትዌር ከያዘ የዩኤስቢ-ሲ ቻርጅ ማድረጊያው ከጊዜ በኋላ ጭራሹን ሊሞት ይችላል። ሌኖቮ ማስተካከያውን በነፃ አውጥቷል። ቲ480 ያለው ሰው አንድም ዕቃ ሳይገዛ በፊት ይህን ይጫን።

አምስተኛ፦ ስሌቱ

ወጪውን ከአዲስ ላፕቶፕ ዋጋ ጋር ማነጻጸር የተለመደ ስህተት ነው፤ በዚያ ሚዛን ማንኛውም ማሻሻያ ርካሽ ይመስላል። ትክክለኛው ንጽጽር ከልዩነቱ ጋር ነው፤ ማለትም ሊገዙት ከሚችሉት የተሻለ ያገለገለ ላፕቶፕ ዋጋ ላይ የአሁኑ ላፕቶፕዎ እንዳለ ሊሸጥበት የሚችለው ዋጋ ሲቀነስ የሚቀረው ገንዘብ ነው። ለስሌቱ ማሳያ ብቻ፣ ምትኩ 40,000 ብር፣ የአሁኑ 18,000 ብር ቢያወጣ ልዩነቱ 22,000 ነው። ኤስኤስዲ፣ ራምና የእጅ ዋጋ ተደምረው 8,000 ብር ቢሆኑ ከልዩነቱ ሲሶ ትንሽ ያልፋሉ።

በዚህ ጸሐፊ ግምት፣ ስምንተኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ለሆነ ማሽን የልዩነቱን ግማሽ ድረስ ማውጣት ያዋጣል፤ ገና በርካታ ዓመት የሚያገለግል ስለሆነ። ለስድስተኛና ለሰባተኛ ጄኔሬሽን ሲሶው ላይ መቆም ይሻላል፤ ከሲሶው ውስጥም ወደ ቀጣዩ ማሽን ተነቅለው የሚሄዱትን፣ ማለትም ኤስኤስዲና ዲዲአር4 ራምን፣ ማስቀደም ይገባል። ለአምስተኛና ከዚያ በታች ለሆነው ከኤስኤስዲ በስተቀር ሳንቲም ማውጣት አይመከርም። ሲሸጡት የማሻሻያውን ወጪ አስመልሳለሁ ብለው ግን አይቁጠሩ፤ ገዢው የሚከፍለው ለጄኔሬሽኑ ነው።

በዚህ መሠረት በምሳሌ የያዝነው የሒሳብ ባለሙያ ኤስኤስዲ ይገዛል፣ ራሙን «ኮሚትድ» ከጠየቀ ብቻ ይጨምራል፣ በተራዘመው ድጋፍ ይመዘገባል፣ እስከ ጥቅምት 2019 ባለው ጊዜ ውስጥ ደግሞ ለስምንተኛ ጄኔሬሽን ማሽን ገንዘብ ይቆጥባል።

ስድስተኛ፦ ሥራው ሲሠራ

በመጀመሪያ ሰነዶችዎን በውጫዊ ዲስክ ይገልብጡ። ፒችትሪን ከራሱ የባክአፕ ማዘዣ ያውጡ፤ ፎልደሩን መገልበጥ ብቻ አይበቃም። ዩኒኮድ ባልሆኑ የቆዩ የግዕዝ ፊደሎች የተጻፉ ሰነዶች ካሉዎት የፊደሉን ፋይልም አብረው ይያዙ፤ ካልሆነ ከፎርማት በኋላ ጽሑፉ ትርጉም የሌለው የላቲን ምልክት ሆኖ ይከፈታል። ኒያላ በሚባለው ፊደል የጻፉ ሰዎች ደግሞ በአዲስ ዊንዶውስ ላይ ከአማራጭ ክፍሎች ውስጥ ማስገባት አለባቸው፤ ከመጀመሪያው ላይኖር ይችላል። ዲስኩ ቢትሎከር በተባለው የዊንዶውስ መቆለፊያ የተቆለፈ ከሆነ መክፈቻ ቁጥሩን በወረቀት ይጻፉ።

የፕሮግራሞችዎ መጫኛ በእጅዎ ካለ ፎርማት አድርጎ በአዲሱ ኤስኤስዲ ላይ እንደ አዲስ መጫን ንጹሕ ነው። ዊንዶውስዎ በዲጂታል ፈቃድ የተመዘገበ ከሆነ ፈቃዱ ከቦርዱ ጋር ስለተያያዘ ዲስክና ራም በመቀየር አይጠፋም። መጫኛው ከጠፋ አሮጌውን ዲስክ እንዳለ መቅዳት ግድ ይላል። ክሎንዚላ የተባለው ፕሮግራም በነፃ ይሠራዋል፤ ሆኖም 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክን ወደ 480 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ለመቅዳት ሲሞከር፣ ዲስኩ ግማሹ ባዶ ቢሆንም እንኳ፣ መድረሻው ያንሳል ብሎ እምቢ ይላል። ፓርቲሽኑን (የዲስኩን ክፍልፋይ) አስቀድሞ ማሳነስ ወይም 512 ጊጋባይት መግዛት ያስፈልጋል።

ክዳኑን ከመክፈትዎ በፊት ላፕቶፑን ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ። በቲንክፓድ ላይ ባዮስ ውስጥ የውስጥ ባትሪውን የሚያቋርጥ ትእዛዝ አለ፤ በሌሎቹ ላይ ክዳኑ እንደተከፈተ የባትሪውን ሽቦ ከቦርዱ ይንቀሉ። ብሎኖቹ ርዝመታቸው ሊለያይ ስለሚችል በወጡበት ቅርጽ በወረቀት ላይ ይደርድሯቸው፤ ረጅሙ በአጭሩ ቦታ ከገባ የእጅ ማሳረፊያውን ይበሳዋል። በላስቲክ ጃኬት ወይም በምንጣፍ ላይ ሆነው አይሥሩ፤ ቦርዱን ከመንካትዎ በፊት ሌላ ያልተቀባ ብረት ነክተው በሰውነትዎ ያለውን ኤሌክትሪክ ያስወግዱ። ራሙ በመሰኪያው ውስጥ 30 ዲግሪ ያህል አጋድሎ ይገባል፤ የወርቅ ቀለም ያላቸው እግሮቹ ከሞላ ጎደል እስኪሰወሩ ከተገፋ በኋላ ወደ ታች ሲጫኑት በግራና በቀኝ ያሉት መያዣዎች ጠቅ ብለው ይይዙታል። ጠቅታው ካልተሰማ አልገባም፤ ኃይል አይጨምሩ፣ አውጥተው እንደገና ያስገቡት።

መልሰው ሲያስነሡት ራም በተቀየረበት የመጀመሪያ ጊዜ ስክሪኑ እስከ አንድ ደቂቃ ጨለማ ሆኖ ሊቆይ ይችላል፤ ይህ የተለመደ ነው። ባዮስ ውስጥ የራሙ መጠንና የዲስኩ ስም በትክክል መታየታቸውን ያረጋግጡ፤ ከዚያም የዊንዶውስን የሜሞሪ መመርመሪያ አንድ ጊዜ ያስኪዱ። ባለሙያ ጋር ወስደው ያሠሩ ከሆነ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት እነዚህን ሁለት ነገሮች ሱቁ ውስጥ ሆነው ይመልከቱ።

የወጣውን ሃርድ ዲስክ ቶሎ አይሽጡት። ቢያንስ ለአንድ ወር እንዳለ ያስቀምጡት፤ የተረሳ ፋይል የሚታወሰው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በዩኤስቢ ኬዝ ውስጥ ከተው ለባክአፕ ሊጠቀሙበት ይችላሉ። መሸጥ ከፈለጉ ግን ተራው ፈጣን ፎርማት ፋይሎቹን እንደማያጠፋ አውቀው፣ በሙሉ ፎርማት መላ ዲስኩን አስጠርገው ይስጡ።